የፍርሃቷ ልክ

«ይሄ ስሕተት ይመስለኛል» አለ ዶክተር ኢምሆፍ፣ ወረቀቱን ወደ ሬጉላ መልሶ እየገፋ።

ወረቀቱ ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚሆን መስመር ተሰምሯል። በግራ ጫፉ «ምንም አልፈራሁም»፣ በቀኝ ጫፉ «ከዚህ በላይ መፍራት አይቻልም» ይላል። የሬጉላ ምልክት ቀኝ ጫፉን ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው።

«አልተሳሳትኩም።»

ሬጉላ በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም ነድታ ጡረታ የወጣች ጤነኛ ሴት ናት። ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ ለሚያካሂደው የመድኃኒት ጥናት ብላ ሲሎሲቢን የሚባለውን፣ ከእንጉዳይ የሚገኘውን መድኃኒት በእንክብል ዋጠች። ብዙም ሳይቆይ እጇ የማን እንደሆነ ጠፋባት። የገዛ ስሟን ብትፈልግ አጣችው። አልጋ ሥር ገብታ አርባ ደቂቃ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ፍርሃቱ ለቀቃት፤ መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያየች በደስታ አለቀሰች። ቅጹ የሚሞላው ደግሞ ሁሌም በዚህ ሰዓት ነው፤ አመሻሽ ላይ፣ ሰው ቀለል ብሎት ዓለሙን ሁሉ ይቅር ሲል።

«አሁን እንዴት ነዎት?»

«አሁንማ እርስዎን ራሱ ልቀፍ ልቀፍ ይለኛል። ወረቀቱ የሚጠይቀኝ ግን ያኔ ምን ያህል እንደፈራሁ ነው።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «ከባድ ጉዳት ብዬ ከመዘገብኩ የተሳታፊዎችን ደኅንነት የሚከታተለው ኮሚቴ ጥናቱን ያግደዋል። ሐሙስ ከፍ ያለ መጠን የሚወስዱ አራት ሰዎች አሉ። ቀላል ብንለውስ? አልፏል እኮ።»

«ከባድ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?»

«ሰው የዕለት ተግባሩን ማከናወን ሲያቅተው።»

«ታዲያ እኔ አልጋ ሥር ምን ተግባር አከናወንኩ? አቧራ ጠረግሁ?»

ይህን ስትል በሩ ተከፈተ። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ብቻውን ወደ ቤቱ አይሄድምና እህቷ ቭሬኒ ልትወስዳት መጥታለች።

«አልጋ ሥር? ነግሬሽ ነበር! ሰው እንዴት ወዶ መርዝ ይውጣል? በይ ተነሺ፤ ሁለተኛ እዚህ ድርሽ አትዪም!»

«አንቺ ደግሞ ቆዪ» አለቻትና ሬጉላ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ትራሜ አንድ ቀን ኩርባ ላይ የአንዲት ሴትዮ ጃንጥላ ነካ። ሴትዮዋ ስቃ ሄደች፤ እኔ ግን ሪፖርት ጻፍኩ። ከኋላዬ የሚመጣው ነጂ ያንን ኩርባ ማወቅ አለበት። የሐሙሶቹ ሰዎች ከእኔ የበለጠ ነው የሚውጡት። ማንም ሳይነግራቸው ሊገቡበት ነው?»

ዶክተሩ ግንባሩን አሸ። ጥናቱ ሦስት ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ሊቆም ነው። እስክሪብቶውን አነሣና «ከባድ» ብሎ ጻፈ። ሬጉላ ወንበሯን አስጠግታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሳይቀር አነበበች።

የቀረው የመጨረሻው ገጽ ነው፦ ተሳታፊዋ ለሁለተኛው ዙር ትመለሳለች ወይስ አትመለስም?

«ያው አቋርጠዋል ማለት ነው» አለ ዶክተሩ፣ እስክሪብቶውን ወደ «አልመለስም» እያስጠጋ።

«እግዚአብሔር ይስጥዎት» አለች ቭሬኒ።

ሬጉላ እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደችና «እመለሳለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

«ሬጉላ! አብደሻል?»

«ፈራሁ አልኩ እንጂ ተጸጸትኩ መች አልኩ?» አለችና ከሥሩ ሙሉ ስሟን ጻፈች።