ወተት የገዛው ላም አርቢ

ሃያ ሁለት ዓመት የወተት ቦቴ ስነዳ ስለ ባንዲራ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ባንዲራችን ይቀየር ወይስ እንዳለ ይቆይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተጠራና፣ የእኛው የባሮንጋ ወተት ፋብሪካ፣ ምን እንዳቀበጠው እንጃ፣ «ይቀየር» የሚል ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ለቀቀ። አንዲት ላም አንገቷ ላይ አዲሱን ባንዲራ አስረውላት ሜዳ ለሜዳ ያንጎራድዷታል። ይህን ያሰበው ሰው ላም አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ገጠሩ ተቆጣ፤ የባሮንጋን ወተት አንገዛም አለ። ፋብሪካው ደንግጦ ማስታወቂያውን አንስቶ ይቅርታ ሲጠይቅ ደግሞ የሜልበርን ከተማ ሰዎች ተቆጡና እነሱም አንገዛም አሉ። ሁለት ወር ሙሉ ነዳጅ ልቅዳ ብል ክርክር፣ ፀጉሬን ልቆረጥ ብል ክርክር። እውነቴን ነው፣ አንገሸገሸኝ።

ከሁሉ የባሰው ክላይቭ ነበር። እርሻው ጊፕስላንድ በሚባለው ገጠር ኮረብታ ላይ፣ በየሁለት ቀኑ ወተት ልቀዳ በምወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ጫፍ ነው። ወዳጄ ነው፤ ሾናን ሲያገባ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ይሄ ሰው በስልሳ ዓመት ዕድሜው ወተት ገዝቶ አያውቅም፤ ከራሱ ጋጣ በማንቆርቆሪያ ቀድቶ ነው የሚጠጣው። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከተማ ወርዶ ስድስት ጠርሙስ የባሮንጋ ወተት ገዛና ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ደፋው። ሰው አጨበጨበለት፣ በስልክ ቀረጸው፣ አገር ምድሩ አየው። የደፋኸው እኮ የገዛ ላሞችህን ወተት ነው ብዬ ብነግረው፣ አውቃለሁ፣ እኔ የደፋሁት ፋብሪካውን ነው አለኝ። እንዲህ ላለ ሰው ምን ይባላል?

ሽያጩ ወረደ። ፋብሪካው ሁለት ቦቴ አቆመና መንገድ ጫፍ ያሉትን ትንንሽ እርሻዎች ውል ላለማደስ ወሰነ። አለቃዬ ስማቸውን ሲያነብልኝ ክላይቭ ሦስተኛው ነበር። ደብዳቤ ልከንላቸዋል አለኝ። ክላይቭ ግን ረቡዕም ዓርብም እየሳቀ ነው የተቀበለኝ፤ ወሬው ሁሉ ሊገዛቸው ስላሰባቸው ጊደሮች ነው። እዚያ ኮረብታ ድረስ ወጥቶ ወተት የሚረከብ ሌላ ፋብሪካ የለም። ቦቴው ከቀረ ላሞቹ ይሸጣሉ፣ በቃ። አባቱም አያቱም የኖሩት በላም ነው።

እሁድ ጠዋት ቱቦዬን ከወተት ማቀዝቀዣው ጋር አገጣጠምኩና ፊቱን ሳላይ ነገርኩት።

«ከማክሰኞ ጀምሮ አልመጣም፣ ክላይቭ። ይሄን መንገድ ሰርዘውታል።»

መጀመሪያ መንገዱ ለቦቴ አልመች ብሎ መስሎት፣ ትራክተር አለኝ አይደል፣ እኔው እደለድለዋለሁ አለ። መንገዱ ሳይሆን ውልህ ነው አልኩት። ይሄኔ ተንጨረጨረ። እንኳን ሰው ውሻም እንዲህ አይባረርም፣ ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፉልኝ አለ።

ሾና ጥጃ ታጠባ ነበር፤ ጡጦውን እንደያዘች ከበረቱ ወጣች።

«ጽፈዋል» አለች። «ያለፈው ማክሰኞ ነው የደረሰው። እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

«ለምን?»

«ከተማ ስትወርድ ሰው ሁሉ ትከሻህን መታ መታ እያደረገ ያመሰግንሃል። እንደዚያ ደስ ብሎህ ካየሁህ ስንት ዓመቴ። ትንሽ ቀን ይቆይለት ብዬ ነው።»

ክላይቭ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ቁጣው በአንዴ ጥሎት ሄደ፤ ያን ጊዜ ነው ማርጀቱን ያየሁት። ቀና ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

«እሷ ላይ ይሄን ጣጣ ያመጣሁት እኔው ነኝ?»

«ብቻህን አይደለህም» አልኩት።

ቱቦዬን ነቅዬ ብሄድ ደስ ባለኝ፤ ግን ወተቱ ገና ተቀድቶ አላለቀም ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ሦስታችንም እዚያው ጠበቅን።