እግራችሁን አውርዱ

የእናቴ እጆች ግራና ቀኝ ከአልጋው ብረት ጋር በለስላሳ ጨርቅ ታስረው ነበር። የመተንፈሻ ቱቦዋን እንዳትነቅለው ነው። ይገባኛል፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት በጨርቅ ታስራ ማየት ሆድ ያስብሳል። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። መሰላል ጫፍ ላይ ቆሜ የፎቅ ግድግዳ ስቀባ ምንም የማይመስለኝ ሰውዬ፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ መግባት ያስፈራኝ ነበር። በሩ ላይ ያለችው ሲስተር ጥፍሬ ሥር የቀረውን ቀለም እያየች “እንደገና ታጠብ” ስትለኝ ደስ ይለኛል፤ መግባቱ ትንሽ ይዘገይልኛላ።

ሕመሟ የሳንባ ምች ነው። በአፏ የገባው ቱቦ ከማሽን ጋር ተያይዞ፣ ማሽኑ ይተነፍስላታል። ዶክተሩ እኔንና እህቴን ኮሪደሩ ላይ አቁሞ ነገሩን አስረዳን።

“ሳንባቸው እየተሻለ ነው። አሁን ያስቸገረን ፍርሃታቸው ነው። ማስተኛውን መድኃኒት ቀነስ ባደረግን ቁጥር በድንጋጤ ይነቃሉ፣ ከማሽኑ ጋር ይታገላሉ፣ ልባቸው ይሮጣል። መልሰን እናስተኛቸዋለን። እንዲህ እያልን ብዙ መቆየት አንችልም። በራሳቸው መተንፈስ ካልጀመሩ ልናጣቸው እንችላለን።”

“ልናጣቸው” ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ ግን ከተናገረው ሁሉ ጥርት ብላ የተሰማችኝ እሷ ቃል ናት።

ከዚያም ሙዚቃ እንሞክር አለን። የሙዚቃ ሕክምና የምትሰጥ ባለሙያ አለች፣ እናንተን ታነጋግራለች፣ የሚወዱትን ዜማ ንገሯት።

እህቴ የአውቶቡስ ሾፌር ናት። ታላቄ ስለሆነች እታለም እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንቅልፋሙ ትለኛለች። ዶክተሩ ዞር ሲል ጠብቃ፣ “መድኃኒቱ ሲያልቅባቸው ወደ ዘፈን ገቡ?” አለች። “ነገ ደግሞ ተነሡና ጨፍሩ ይሉናል። በል አንተ አነጋግራት፣ ፈረቃዬ ደርሷል።” ምላሷ ስለት ነው። ስትሄድ ግን በተሳሳተው በር ልትወጣ ስትል አየኋት።

ባለሙያዋ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ናት። ጊታሯን እንደ ሕክምና ዕቃ በአልኮል ስትወለውል አገኘኋት። ሲስተሮቹ ዘፋኟ ይሏታል።

“ከእሳቸው ትንፋሽ ጋር እኩል እጀምርና ቀስ እያልኩ ይዣቸው እወርዳለሁ” አለችኝ። “ሰው ማስተኛ ተሰጥቶት እንኳ ጆሮው ይሰማ ይሆናል። የሚያውቁት ዜማ ሲሆን ብዙዎቹ ይረጋጋሉ፣ ማስተኛውም ይቀነስላቸዋል። ሁሉም ግን አይደሉም፤ ዜማ የሚያስደነግጠውም አለ። ስለዚህ ደህና አድርገህ አስብ።”

ምን ማሰብ ያስፈልጋል? ልጅ ሆነን፣ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ የእናቴን እንጉርጉሮ እሰማለሁ። ቃል የለውም፤ በአፍንጫዋ ነው የምታንጎራጉረው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም፤ እንቅልፍ ይወስደኛል። እንደዚያ ያለ ሰላም ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። ዜማውን አንጎራጎርኩላት፣ ወዲያው በጊታሯ ያዘችው።

“እርግጠኛ ነህ? የሚያረጋጋቸው ይሄ ነው?”

“እናቴ ት…” ብዬ ቀሪውን ዋጥኩት። ስንት ዘመን በረባው ባልረባው የማልኩበት መሐላ ዛሬ አስፈራኝ። “እርግጠኛ ነኝ” አልኩ።

ማስተኛውን ቀነሱላት። ዘፋኟ ራስጌ ተቀምጣ በቀስታ ጀመረች። እኔ የልቧን ምት የሚያሳየው ስክሪን ላይ አፈጠጥኩ። ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። እናቴ ዓይኗን በረገደች። እኔን አይደለም ያየችው፤ በአልጋው ጎን ወደ ወለሉ ነው። የታሰሩ እጆቿን ጎተተች፣ ጉልበቷን አጥፋ እግሮቿን ወደ ሆዷ ሰበሰበች፣ ማሽኑ ጮኸ። ዘፋኟ ወዲያው አቆመች። ሲስተሯ ሮጠች፣ ዶክተሩ መጣ፣ መድኃኒቱ ተሰጣት። ዓይኗ እስኪከደን ድረስ ከወለሉ አልተነቀለም።

ገደልኳት ብዬ ነበር። በገዛ ዜማዋ።

“ነገ ጠዋት አንዴ እንሞክራለን” አለ ዶክተሩ ጓንቱን እያወለቀ። “ነገም እንዲህ ከሆኑ…” አልጨረሰውም። ቢጨርሰው ይሻለኝ ነበር፤ ያልጨረሰውን እኔ ሳስጨርሰው አደርኩ።

ዘፋኟ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። “ጥፋቱ የእኔም ነው” አለች። “ዜማውን ጠየቅኩህ እንጂ መቼ መቼ እንደሚያንጎራጉሩት አልጠየቅኩህም።”

“ዝናብ ሲዘንብ ነው።”

“ሌላ የሚሰማ ነበር?”

“እህቴ።”

“እንግዲያው ጠዋት እሷን ይዘህልኝ ና።”

እታለም ጠዋት የሾፌር ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣች። የሆነውን ልነግራት ፈራሁ፤ እሷን የማይፈራ ተሳፋሪ እንኳ የለም። “የትኛውን ዘፈን ነው የሰጠሃት?” አለችኝ። አንጎራጎርኩላት። ገና ከመጀመሬ አፌን በመዳፏ ከደነችው።

“ዝም በል! ይሄን ነው? ይሄን ነው እማዬ ጆሮ ላይ ያስዘፈንከው?”

“ምን አጠፋሁ? የምታስተኛን በሱ አይደል?”

“አንተን! አንተን ነዋ የምታስተኛው። አንተማ ምን ታውቃለህ፣ ለጥ ብለህ!” ግድግዳውን ተደገፈች። “ቤታችን ከቦዩ በታች አልነበረም? ዝናቡ ሲበረታ ውሃው በበር ሥር ይገባል። እኛን አልጋ ላይ ትሰቅልና፣ እግራችሁን ሰብስቡ ትለናለች፣ እሷ ውሃው ውስጥ ቆማ ታንጎራጉራለች። አንድ ቀን ፍራሹ ጋ ደርሶ ነበር። እማዬ ለምን ትዘፍኛለሽ ስላት፣ ‘እንዳይነቃ ነው፤ ከነቃ ደንግጦ ይወርዳል’ አለችኝ። ድምጿ ንቅንቅ አይልም። እጇን ስይዛት ግን ትንቀጠቀጥ ነበር።”

ይህን ስትነግረኝ እታለም የዩኒፎርሟን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ነበር። እሷ ፈርታ አይቼ አላውቅም፤ የባሰ ፈራሁ። ያ የምወደው ሰላም ሁሉ ለካ የእናቴ ፍርሃት ነበር።

ከኋላችን መጥታ የቆመችው ዘፋኟ ሁሉንም ሰማች። “እንግባ” አለችን።

እታለም አልጋው አጠገብ ከመድረሷ ቆም አለች። “ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?”

እኔ ለምጄው መስማት ትቼ ነበር። ቡልቅ… ቡልቅ… ይላል፣ ከእናቴ ራስጌ።

“ከትንፋሹ እርጥበት ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ ነው” አለች ሲስተሯ። “እየቆየን እናፈሰዋለን።”

እታለም አንሶላውን አየች። ማስተኛው መቀነስ ጀምሯል፤ የእናቴ ጉልበቶች ከአንሶላው ሥር ቀስ እያሉ ይነሣሉ።

“እግሯን እየሰበሰበች ነው” አለች እህቴ። “ውሃው መጣ ብላ ነው።”

ቀልቤ ተገፈፈ። ይህን ሁሉ ቀን እናቴ እዚያ ቤት ውስጥ ነበረች፤ ውሃው ጆሮዋ ሥር እየገባ፣ እጇ ታስሮ፣ እኛን የሚያነሣን ሰው ሳይኖር። እኔ ደግሞ እንጉርጉሮዋን ጨመርኩበት።

“አፍስሺው፣ እባክሽ አሁኑኑ አፍስሺው” አልኩ ሲስተሯን። አፈሰሰችው። ድምፁ ጠፋ። ቁጥሩ ግን መውጣቱን አላቆመም፤ እናቴ ዓይኗን በረገደችና ወደ ወለሉ አፈጠጠች። ዶክተሩ የማስተኛውን መርፌ ይዞ ቀረበ።

“ቆይ!” አለች እታለም። “ዜማው መጨረሻ አለው። ውሃው ሲሄድ የምትለው። ይሄ ተኝቶ ስለሚያመልጠው ነው።”

ዶክተሩ ዘፋኟን አየ። ዘፋኟ ጊታሯን አስተካከለች። “ጀምሪው፣ እከተልሻለሁ። ከትንፋሻቸው ጋር።”

እህቴ በየፌርማታው በመጮህ የጎረነነ ድምፅ አላት። ጎንበስ ብላ ወደ እናቴ ጆሮ ጀመረች፤ መጀመሪያ ላይ ድምጿ እየተሰበረ አልያዝ አላት።

ሄደ ሄደ፣ ውሃው ሄደ፣
ደጁም ጠጠረ፤
እግራችሁን አውርዱ፣ ልጆቼ፣
ቤታችን አደረ።

ምንም። ቁጥሩ እዚያው ነው። ደገመችው። ጊታሩ ከማሽኑ ትንፋሽ ጋር እኩል ሄደ፣ ከዚያ ጥቂት አዘገመ፣ ከዚያ እንደገና አዘገመ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። ዶክተሩ መርፌውን እንደያዘ ነው። ስንተኛው ድግግሞሽ ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ የእናቴ ዓይን ከወለሉ ተነሥቶ እታለም ፊት ላይ አረፈ። አንዱ እግሯ ከአንሶላው ሥር ተንሸራተተ፣ ተዘረጋ። ቆይቶ ሁለተኛው። ሁለቱም ጉልበቶቿ ወረዱ።

“በራሳቸው እየተነፈሱ ነው” አለ ዶክተሩ በለሆሳስ። ልክ ጮክ ቢል የምትተወው ይመስል።

ከሰዓት በኋላ ቱቦውን አወጡላት። እጇንም ፈቱላት። አፏ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አድርጋ፣ ዓይኗ እየተከደነ እየተገለጠ፣ አንዴ እዚህ አንዴ ሌላ ቦታ ነበረች። እኔ ግርጌ ቆሜ የተዘረጉ እግሮቿን እጠብቃለሁ። አላመንኳቸውም።

ከጎን ካለው ታማሚ አልጋ ቡልቅ የሚል ድምፅ መጣ።

የእናቴ ጣቶች የእታለምን እጅ ጨመደዱ። ጭንብሉን በሌላ እጇ ገፋ አድርጋ፣ በሻከረ ድምፅ፣ ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋን ቃል ተናገረች።

“ተኝቷል?”

“ማን፣ እማዬ?”

“እንቅልፋሙ።”

እታለም ቀና ብላ አየችኝ። እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል፤ እዚህ ነኝ እማዬ፣ ነቅቻለሁ፣ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እህቴ ራሷን ነቀነቀችብኝ።

“ተኝቷል እማዬ” አለቻት። “ለጥ ብሏል።”

ዓይኔን ጨፈንኩ።