በረዶዋን ቀድማ የሰበረችው

ባሌ ኢግናትና ታላቅ ወንድሙ ሳቭሊ ሆድና ጀርባ የሆኑት በወንዝ ነው። በርስት ቢጣሉ እኮ አይገርመኝም! በዚህ የብርድ አገር ሰው የሚባል እኛ አራታችን ብቻ ነን፤ አራተኛዋ የሳቭሊ ሚስት ኡሊያና፣ የእናቴ ልጅ ናት።

ነጯና ጥቁሯ የሚባሉት ሁለት ወንዞች እዚህ ይገናኛሉ። በእኛ ወግ በየዓመቱ በረዶዋን ቀድማ የሰበረችው እናት ናት፤ የአጋዘን ስብ ለመባ የሚጣለውም ለእሷ ነው። አምና ኢግናት "ነጯ ቀደመች" ብሎ ማለ፤ ሳቭሊ ደግሞ "ጥቁሯ ናት" አለ። ይኸው ነው ጠቡ። ብርዱን ሙሉ እኛ በዚህ ዳር፣ እነሱ በዚያ ዳር ድንኳን ተክለን ሳንጠያየቅ ከረምን። አጋዘኖቻችን እንኳ ጠቡን ንቀው ከእነሱ መንጋ ተቀላቅለዋል። እኔ የእህቴን ጭስ እያየሁ አንጀቴ አረረ። በረዶው ከሄደማ ጎርፉ እስኪጎድል መገናኘት የለም።

አንድ ጠዋት በረዶው ማቃሰት ጀመረ። ኢግናት ስቡን ይዞ ዳር ላይ ተገተረ። ማዶ ሳቭሊም እንደዚያው።

"አንተ ሰውዬ፣ ብታሸንፍ ለማን ልትነግር ነው?" አልኩት።

"ለሳቭሊ ነዋ!"

"በየት በኩል? ወሬህን በዓሣ ልትልክ?"

ራሱን አከከ። ከዚያ "ድስቱን ያዢ!" ብሎኝ በበረዶው ላይ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት፤ ውኃው ጫማዬን አልፎ ገባ።

"ምን ልትሰርቅ መጣህ?" አለ ሳቭሊ።

"ስብህ እንዳይበላሽብህ ብዬ ነው፣ ጋሼ። እንብላው።"

ሳቭሊ መቆጣት ፈልጎ ሳቅ አመለጠው። ሁለቱም ስብ አንድ ድስት ገባ። እኔና ኡሊያና ተቃቅፈን አለቀስን፤ ደስታ ነው እንጂ ሌላ ምን ያስለቅሳል?

እየበላን ሳለ በረዶው ተሰነጠቀ። ፊቴ ወደ ወንዙ ስለነበር አየሁት፤ ነጯ ቀደመች። ትንፍሽ አላልኩም።

"የትኛዋ ናት?" አለ ሳቭሊ።

የቀበሮ ኮቴ በበረዶ ላይ ከሩቅ የሚሰማው ባሌ "እኔ እንጃ" አለ፣ "እያኘክሁ ነበር።"

የተረፈውን ስብ ሁለቱ ወንዞች ከተቀላቀሉበት ጣሉት። ድንኳናችን ማዶ ቀረ፤ እኔ ግን የዚያን ዕለት እህቴ ጎን ተኛሁ።