አያ ማለደና አዲሷ ሻጭ

ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ ሽታዬ ከአምባ ጊዮርጊስ መጥታ ጎንደር ከአያ ማለደ ጨርቅ ሱቅ ተቀጠረች። ሥራ ፈትቶ መቆም ስላሳፈራት፣ እሳቸው አቡጀዲ በሜትር እየለኩ ሳሉ፣ «አያ፣ አሁንስ ምን ልሥራ?» አለቻቸው። ቁጥሩ ጠፋባቸውና እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቃቸው ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ።

«ትጋትሽ ሸጋ ነው ልጄ» አሏት። «ብቻ እጄ ከጨርቁ ሲለቅ ጠይቂኝ።»

በማግስቱ የሠርግ ልብስ ፈላጊዎች ሱቁን ሞሉት። ሽታዬ ጥያቄዋን ውጣ፣ የተዘረጋውን ጨርቅ እያጠፈች ጠበቀች። አያ ማለደ የሙሽራውን ለክተው፣ ቀደው፣ አስረክበው ቀና ሲሉ ጠጋ አለች።

«አያ፣ አሁንስ?»

«አሁንማ የሙሽራዪቱን አንቺ ለኪ!» ብለው ሜትሩን ሰጧት።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሽታዬ ፊቷ በርቶ ነጩን ሐር ዘረጋችው።