የቀሩት ዘጠኝ መስመሮች

ባሌ ዴዝመንድ በነሐሴ መጨረሻ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። በአራተኛው ሳምንት እሑድ የሚስተር ቴርሎውን በር አንኳኳሁ። የሄድኩት ፈቃድ ልጠይቅ ነበር።

እኛ ዘንድ፣ በሰፎክ፣ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ የሰው ማሳ ላይ መውጣት የሚቻለው ባለመሬቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ፈቃዱን አንዳንዱ በወረቀት ይዋዋላል፤ የድሮዎቹ ግን በመጨባበጥ ይጨርሱታል። ዴዝመንድና ሚስተር ቴርሎው የተጨባበጡት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ባሌ አጨዳው አልቆ አዲስ ዘር እስኪዘራ ድረስ ባለው ጊዜ፣ እሑድ እሑድ ታችኛው ማሳ ላይ ይውላል። ሮማውያን የጣሉትን ሳንቲም፣ ከሺህ ዓመት በፊት ከአንዲት ሴት ነጠላ ላይ የወደቀ መርፌ ቁልፍ ይፈልጋል። የሚያገኘውን ከባለመሬቱ ጋር እኩል ይካፈላል።

እኔ አንድም ቀን አብሬው ወጥቼ አላውቅም። ጫማውን እያሰረ «ትመጪያለሽ?» ይለኛል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩና የማርመው ፈተና አለኝ እለዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሚታረም ፈተና አልነበረም። እሱ መጠየቁን አላቋረጠም፤ እኔም ሌላ ሰበብ አላጣሁም።

ሚስተር ቴርሎው ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ወጥ ቤት አስገብተው ሻይ ቀዱልኝ።

«ታችኛው ማሳ ላይ ፈቃድ ፈልጌ ነው» አልኳቸው።

«ለማን?»

«ለኔ።»

ኩባያቸውን አስቀመጡ። «አንቺ? ያንን የሚጮህ መጥረጊያ ይዘሽ?»

«አዎ።»

«ባልሽ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን እንዳመጣልኝ ታውቂያለሽ? ግማሽ ባልዲ ዝገትና እናቴ ማሳ ላይ የጣለቻትን ማንኪያ። ማንኪያዋንም ለሁለት ቆርጠን እንካፈል ብሎኝ ነበር እኮ።» ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ መሳቅ ይገባቸው እንደሆነ ፊቴን አዩ። «ኔቪልም ጠይቆኛል። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ።»

ኔቪል የዴዝመንድ ጓደኛ ነው፤ እሱም የብረት መፈለጊያ ይዞ ማሳ የሚዞር ነው። መጠየቁን አላውቅም ነበር።

«ምን አሉት?»

«የሰውዬው ፈቃድ ከሰውዬው ጋር ተቀብሯል አልኩታ። አንቺ ግን ምን ልታገኚ ነው?»

የዴዝመንድን ደብተር ከቦርሳዬ አወጣሁ። ማሳውን በአርባ መስመር ከፋፍሎት ነበር። ሠላሳ አንዱን እየተራመደ ፈትሾ ምልክት አድርጎባቸዋል። ዘጠኙ ባዶ ናቸው።

«እነዚህን ልጨርስለት ነው» አልኩ።

ደብተሩን አልነኩትም። «ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ መዝሪያው ይገባል። ቅዳሜ ዝናብ ይጥላል ብለዋል፤ ለማንም አልጠብቅም። ጉድጓድ ትደፍኛለሽ፣ በር ትዘጊያለሽ።»

«እሺ።»

እጃቸውን ዘረጉልኝና ተጨባበጥን።

ሰኞ ጠዋት ዴዝመንድ መስመር የሚለይባቸውን የቀርከሃ ዱላዎች በመኪና ጭኜ ሄድኩ። ዴዝመንድ ሌቦች ቦታውን እንዳያውቁበት ዱላዎቹን ማታ ማታ እየነቀለ ወደ ቤት ይመልሳቸው ነበር፤ ማሳው ላይ የእሱ የሚባል ምንም ምልክት አልቀረም። ደብተሩን ገልጬ ቦታውን ለየሁ፤ የቀሩት ዘጠኝ መስመሮች በመንገዱ በኩል ናቸው። ዱላዎቹን ተከልኩና የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቅሁ። መሣሪያውን ስከፍተው ግራ ጆሮዬን እንደ ጥፊ መታኝ። በቀኝ በኩል ድምፁ ልክ ነው፤ በግራ አይቻልም። የድምፁን ማስተካከያ አየሁት፤ እሱ ያደረገው ነውና ልነካው አልፈለግሁም። ግራውን ከጆሮዬ ገፋ አድርጌ ጀመርኩ።

ሦስት ቀን ተራመድኩ። መሣሪያውን ከመሬት ሳላርቅ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አወዛውዛለሁ፣ አንድ እርምጃ እቀድማለሁ። ምንም የለም። አልፎ አልፎ አንዲት ሚስማር ትንጫጫለች፤ ከዚያ እንደገና ዝም። ክንዴ ዛለ። ግን ዝምታውን ወደድኩት፤ ምክንያቱን ራሴን አልጠየቅሁም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛውን መስመር ጨርሼ ቀና ስል ኔቪል በሩን ከፍቶ ወደኔ ሲመጣ አየሁት።

«ሮዛሊንድ! እኔ እኮ ቴርሎው ሲነግሩኝ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር።»

«ሰላም ኔቪል።»

«ተቆጥተሻል።»

«በምን?»

«ፈቃዱን ስለጠየቅሁ ነዋ። እኔ ካልያዝኩት የማናውቃቸው ይይዙታል፣ ማሳውን የአይጥ መንደር ያደርጉታል ብዬ ነው እንጂ...» እጁን አወናጨፈና ተወው። «ያ ጆሮ ማዳመጫ አያደነቁርሽም?»

«ግራው ትንሽ ይጮሃል።»

«ግራ ጆሮው ከሄደ ስንት ዓመቱ! አልነገረሽም እንዴ?»

«ነግሮኛል» አልኩ።

አልነገረኝም። ከሰባት ዓመት በፊት ግን ራት ላይ ወንበር እንቀያየር ብሎኝ ነበር። መስኮቱን ማየት ፈልጎ መስሎኝ ነው የተነሳሁለት። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ ሳናግረው የማይመልስልኝ ጊዜ በዝቶ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል አኩርፌው ነበር።

«እና ምን አገኘሽ?» አለ ኔቪል።

«አምስት ሚስማር። ግን ጨርሻለሁ። የቀሩትን ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ መስመር ሙሉ አምስት ሚስማር? በዚህ ማሳ ላይ?» እጁን ዘረጋ። «ደብተሩን እስቲ።»

ሰጠሁት። አየው፣ ማሳውን አየ፣ እንደገና ደብተሩን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ አዞረና ገልብጦ መለሰልኝ።

«ሮዚ፣ ምን አድርገሽ ነው የያዝሽው?»

«ሰሜንን ወደ ላይ አድርጌ ነዋ።»

«ሰሜን!» ሳቁ አመለጠው። «እኛ ውስጥ ሰሜን የሚያውቅ ማን አለ? ሰው ማሳውን የሚስለው ከሚገባበት በር ላይ ቆሞ ነው። አንድ ቁጥር ማለት በሩ አጠገብ ያለው ነው። ዴዝመንድ የሚገባው በመንገዱ በር ነበር። ይሄ አንድ ነው፣ ሁለት፣ ሦስት...» ዱላዎቼን እየጠቆመ ዘጠኝ ድረስ ቆጠረ። «መጀመሪያ የጠረጋቸውን ነው መልሰሽ የጠረግሽው። እዚህ ምን ሊተርፍሽ?»

ለሠላሳ አራት ዓመት ልጆች ካርታ እንዲያነቡ አስተምሬያለሁ። አብሬው አንድ እሑድ ወጥቼ ቢሆን በየትኛው በር እንደሚገባ አየው ነበር።

ኔቪል መሳቁን አቁሟል። «አይዞሽ፣ ማንም ይሳሳታል። እስከ ዓርብ አንድ ቀን ተኩል አለሽ።»

«አውቃለሁ» አልኩትና ዱላዎቹን መንቀል ጀመርኩ።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ በማዶኛው ጫፍ፣ በቁጥቋጦው አጥር ሥር ነበርኩ። እዚያ መሬቱ ሌላ ነበር። በየሁለት እርምጃው ይጮሃል። የጥይት ቀለህ፣ የፈረስ ልጓም ቁራጭ፣ እርሳስ፣ የወታደር ኮት ቁልፍ አወጣሁ። እየተንበረከክሁ ቆፈርኩ፣ ደፈንኩ፣ በጫማዬ ጠቀጠቅሁ። እነዚህን ድምፆች እሱ አልሰማቸውም። መንገዱ በኩል የነበረው ዝምታ ግን እሱ ራሱ፣ አንድ ባንድ ለቅሞ የተወው ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሦስተኛው መስመር ላይ ጥርት ያለ ከፍ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ከአንድ ጣት ባልዘለቀ ጥልቀት ከግማሹ የተቆረጠ ስስ የብር ሳንቲም ወጣ። ድሮ ዝርዝር ሲቸግራቸው ሳንቲሙን በመቀስ ይቆርጡት እንደነበር ዴዝመንድ ነግሮኛል። በአንድ ገጹ የመስቀል ሁለት ክንድ፣ በሌላው የንጉሡ ጸጉር ይታያል፤ ፊቱ በሌላኛው ግማሽ ቀርቷል። ቢታሽ ሊሰበር ይችላልና አፈሩን በትንፋሼ እፍ አልኩት።

ዴዝመንድ አንድ ነገር ሲያገኝ ከማሳው ወደ ቤት ይደውል ነበር። እኔ አነሳለሁ፤ እሱ «እስቲ ገምቺ» ይለኛል፤ እኔ «ማንኪያ» እለዋለሁ።

ስልኬን አውጥቼ የቤታችንን ቁጥር ደወልኩ። ቤት ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። ራሱ እስኪቋረጥ ድረስ አስጮህኩት።

ሳንቲሙን ለሚስተር ቴርሎው ላሳያቸው በወረቀት ጠቀለልኩት። ሦስተኛውን መስመር ስጨርስ ጀምበር ጠልቃለች። ስድስት ቀሩ። ዱላዎቹን እንደተተከሉ ትቼ ወደ መኪናዬ ስሄድ፣ ቤት ውስጥ የቀረውን ሁሉ በሐሳቤ አየሁት። ሸሚዞቹን ሰጥቻለሁ። የባንኩም፣ የጡረታውም ደብዳቤ አልቋል። የሚያፈሰው የዝናብ ውኃ በርሜል ተጠግኗል፣ የጀመረው መጽሐፍ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመልሷል። ዴዝመንድ ላደርገው ነው ብሎ ሳያደርገው የቀረ ከነዚህ ስድስት መስመሮች በስተቀር የለም። እነሱም ካለቁ ምንም አይቀረኝም።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የኔቪል መኪና ከመኪናዬ ጎን ቆመ። መሣሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደና የቀረውን መስመር በዓይኑ ቆጠረ።

«አራቱን ለኔ ተዪልኝ፤ ሁለቱን አንቺ ያዢ። ቴርሎው ከቁርሳቸው ሳይነሱ እንጨርሳለን። ያገኘሁት ሁሉ ያንቺና የሳቸው ነው፣ እኔ ምንም አልፈልግም።»

«አመሰግናለሁ ኔቪል። አልቋል» አልኩት።

«ምኑ?»

«መስመሩ። ትናንት ጨረስኩት።»

እንደገና ወደ ማሳው ዞረ። ከአጥሩ ሥር ጀምሮ ሦስት መስመር ያህል መሬት ላይ የጉልበቴና የጫማዬ ምልክት ይታያል። ከዚያ ወዲህ ያለው አፈር ማንም አልረገጠውም። ጤዛው እንኳ አልተነካም። ኔቪል ሃያ አምስት ዓመት መሬት ሲያይ የኖረ ሰው ነው።

«ብቻሽን?» አለኝ።

«ብቻዬን።»

«እጅሽ ፈጣን ነው እባክሽ» አለና መሣሪያውን ወደ መኪናው መለሰ።

ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ዱላዎቹን አብሮኝ ነቀለ። ባልተረገጠው አፈር ውስጥ ላለመግባት ዳር ዳሩን ይዞ ነበር የሚሄደው። እየነቀለም የቴርሎው ውሻ ከጌታው ይልቅ መሬት ማንበብ ይችላል ብሎ አሳቀኝ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ትራክተሩ መዝሪያውን እየጎተተ ገባ። ሚስተር ቴርሎው በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ጨረስሽ?»

አፌን ሳልከፍት ኔቪል «ጨርሳለች!» ብሎ ጮኸላቸው።

እጃቸውን አውለብልበው አለፉ። ከመንገዱ በኩል ጀምረው ዘሩ። ኔቪል ሄደ፤ እኔ ቆየሁ። መዝሪያው ማሳውን እየተመላለሰ ሲሸፍነው ከበሩ ላይ ሆኜ ቆጠርኩ። ወደ ስድስቱ መስመሮች ሲደርስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። አንድ ባንድ ስንዴ ገባባቸው። ከዚያ በሩን ዘጋሁ።