የቢባ ግራ ዓይን

ኦክቶበር አሥራ አራት፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ። እናቴ ኔቪያ ጓሮ ውስጥ ተንበርክካ የቢባን ጭንቅላት ይዛለች። ቢባ የተቀበረ እንጉዳይ እያሸተተች የምታወጣ የአባቴ ውሻ ነበረች። ትናንት ከጫካ ስትመለስ ግራ ዓይኗን ጨፈን ታደርግ ነበር፤ ዛሬ ጭራሽ አልገልጥም አለች።

አጎቴ ሊቪዮ ካሞሚል የሚባለውን አበባ አፍልቶ በሳህን ይዞ መጣ። በእኛ መንደር ለታመመ ዓይን፣ ለሰውም ለውሻም፣ መድኃኒቱ በጁን ወር በሚውለው የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት የተለቀመ ካሞሚል ነው፤ ሦስት ቀን ይታጠቡበታል።

«እጠቢያት፣ ይለቃታል።»

«ማታ አጥቤያታለሁ። ይኸው ባሰባት። ና እየው፣ ብሌኑ ላይ ጉም የመሰለ ነገር አለ።»

«ታዲያ እንጉዳይ የምታገኘው በአፍንጫዋ አይደል?»

«አንተም የምትጠጣው በአፍህ ነው፤ ዓይንህ ቢጠፋ ዝም እንበልህ?»

ሊቪዮ ሳቀና ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። «እሺ፣ ይቺን ጠብታ ጨምሪላት። አምና ለእኔ ውሻ የታዘዘች ናት።»

እናቴ ክዳኑን ልትከፍት ጀምራ ተወችው። «ሐኪም ሳያየው ምንም አልጨምርም።»

«በእሑድ? ዳኒሎ ቢኖር እኮ ይታገሥ ነበር።»

ዳኒሎ አባቴ ነው። የቀበርነው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነበር።

«ዳኒሎማ ደረቱን ሲያመው ታገሠ፣ ሊቪዮ። ሦስት ቀን።»

ሊቪዮ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። እናቴ ቢባን አቅፋ መኪና ውስጥ አስገባቻት፤ እኔም አብሬ ገባሁ።

ፑላ ከተማ ተረኛ የነበረችው ወጣት ሐኪም ዓይኑ ላይ ቀለም ጠብ ስታደርግበት ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ከውስጠኛው የዓይኗ ቆብ ሥር የሣር እሾህ መዝዛ አወጣች። እናቴ ያን ጠርሙስ አሳየቻት።

«ይሄን ጨምረውላታል?»

«አልጨመርኩም።»

«ተመስገን! የቆሰለ ዓይን ላይ ቁስሉን ያሰፋዋል። እስከ ነገ ቢቆዩ ኖሮ ዓይኗ ይፈስ ነበር። አሁን ግን ይድናል።»

እናቴ እዚያው ቆማ ጮክ ብላ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስንመለስ ሊቪዮ በሩ ላይ ይጠብቀን ነበር። አባቴ ካረፈ ጀምሮ ቢባን ጫካ የሚወስዳት እሱ ስለነበር፣ ማሰሪያዋን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«በይ፣ አሸነፍሽኝ። ስትድን መቼ ልውሰዳት?»

እናቴ ማሰሪያውን እጇ ላይ ጠቀለለችው። «ከእኔ ጋር ነው የምትወጣው። እኔ መንገዱን ባላውቅ እሷ ታውቀዋለች።»

ኖቬምበር ሃያ ቀን እናቴ የአባቴን ቦት ጫማ በሁለት ካልሲ ተጫምታ ወጣች። እናቴ እስካረፈችበት ዓመት ድረስ ስድስት የእንጉዳይ ወቅት አብረው ጫካ ገቡ፤ ቢባም በሁለቱም ዓይኖቿ ታይ ነበር።