ወይዘሮ ድልድይ የተኛችበት ፎቶ

«ጋሼ፣ ኧረ በፈጠረህ ተቀመጥ! ሰው ሊያጽናናህ መጥቶ አንተን ሲያሳድድ ይዋል?»

መምህሩ ሰማ፤ ግን አልተቀመጠም። ሚስቱ ከተቀበረች ወዲህ ወንበር አላሞቀም። ከጎረቤት የመጡትን ወንበሮች ካንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ያዞራል፣ የማያፈስ ቧንቧ ያጠብቃል፣ እንግዳ ሳያንኳኳ በር ይከፍታል። የሟቿ ታናሽ እህት ከኋላ ከኋላው እየተከተለች ትቆጣዋለች።

ያን ዕለት ከሰዓት ከምክር ቤቱ ቤተ መዛግብት አንዲት ሴት ትልቅ አልበም ታቅፋ መጣች። ወደ ጉዳይዋ የገባችው አልቅሳ፣ ሻይዋን ፉት ካለች በኋላ ነው። ሟቿ እንደራሴ በነበረችበት ዘመን ሁሉ የተነሣቻቸው ፎቶዎች ተሰብስበው ለሕዝብ ክፍት ሊሆኑ ነው፤ ቤተሰቡ ይያቸው፣ ለመታሰቢያዋም አንዱን ይምረጥ።

መምህሩ እንደ ቆመ ገለጠው። ሚስቱ ጣቷን ቀስራ፤ ሚስቱ የግንባታ ቆብ ደፍታ፤ ሚስቱ ጭቃ ውስጥ ቆማ ገበሬዎች ከበዋት። ጥቁር ጸጉሯ ገጽ በገጽ ነጣ። በወንዙ ላይ አዲስ ድልድይ ይሠራ ብላ ሳትጠይቅ ያለፈችው ስብሰባ ስላልነበረ፣ የምክር ቤቱ አባላት «ወይዘሮ ድልድይ» ነበር የሚሏት።

«ይቺ ጥሩ ናት» አለች እህትየው፣ ማይክሮፎን ፊት የቆመችበትን እያሳየች። «ግርማ አላት።»

«እሷ አይደለችም።»

«ታዲያ ማን ናት፣ ጋሼ?»

ፎቶዎቹ አልዋሹም። ግን በሁሉም ውስጥ ትጣደፋለች፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ስትጣደፍ አብሯት ሮጧል። ደክሞታል።

እህትየው ሁለት ገጽ አንድ ላይ ስትገለብጥ አያት።

«መልሺው።»

«ባክህ ምንም የለውም።»

ራሱ መለሰው። ጉባኤው መሀል፣ ሚስቱ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ተኝታለች። አፏ ገርበብ ብሏል።

ያቺ ሌሊት መጣችበት። ጎርፉ አሮጌውን የእንጨት ድልድይ ጠራርጎ ወስዶ፣ ሰዉ ጣራ ላይ ወጥቶ ይጮህ ነበር። መኪናውን የነዳው እሱ ነው። እሷ ባለ ጀልባ ስትለምን፣ ሕፃናት ስትቀበል አደረች። ሲነጋ እሱ ቤት ገብቶ አልጋው ላይ ተዘረረ፤ እሷ ጫማዋን ቀይራ ስብሰባ ገባች። በማግስቱ ፎቶው «እንደራሴያችን በሥራ ላይ» ተብሎ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከተማው ሳቀባት። መምህሩ ኮቱን ለብሶ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ሲወጣ በር ላይ ያዘችው።

«ምን ልትላቸው ነው?»

«የት እንዳደርሽ ልነግራቸው ነዋ!»

«ውሃ ውስጥ ያደሩት ሰዎች እስካሁን አልተኙም። እኔ ተኝቻለሁ። ምኑን ዋሹ?» ብላ ኮቱን ከትከሻው ገፈፈችው።

«ይሄን ካልፈለጉት ለሕዝብ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል» አለች የቤተ መዛግብቷ ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቤተሰብ ከጠየቀ እንዘጋዋለን።»

«ዝጉልን እንጂ!» አለች እህትየው። «ሞታም ይሳቁባት?»

መምህሩ ፎቶውን ከአልበሙ አወጣው። ሚስቱ ከሱ በኋላ ተኝታ ከሱ በፊት ስትነሣ ነው የኖረችው። ፊቷ እንዲህ አርፎ ያየበት ቀን ትዝ አላለውም። ሞታ እንኳ ግንባሯ አልተፈታም ነበር።

«ይታይ» አለ። «ለመታሰቢያዋም ይሄው ነው።»

«ጋሼ! ሰው ምን ይላል?»

«የት አድራ እንደመጣች እነግረዋለሁ። አሁንማ በር ላይ የምትይዘኝ የለችም።»

እህትየው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

መምህሩ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ግድግዳውን አስደግፎ አቆመው። ያዘቀዘቀችው ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የሚስቱ ፊት ላይ አረፈች። ሄዶ መጋረጃውን፣ ቀለበቶቹ እንዳይንኳኩ እየተጠነቀቀ፣ በቀስታ ሳበው።